ጤፍ ነቀዘ ብሎ ቤታችንን ያሳገደው ባሌ

ነገሩ የሆነው ካቻምና ነው። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ያኔ ግን በስተርጅና ያለ ቤት ልቀር ነበር።

ባሌ ቢቸና ላይ የአንድ የሞጣ ነጋዴ ጤፍ በአደራ ያስቀምጥ ነበር። ሸጦ በላው። ሲጠየቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ነቀዝ ፈጀው!» ኧረ ጤፍ ሲነቅዝ ማን አይቶ ያውቃል? ሲዋሽ እንኳ አይጥ በላው ማለት አቃተው። ታሰረ፤ ለነጋዴውም ጤፉን እንዲተካ ተፈረደበት።

እኔ ጉልበቴ ስለደከመ ቤታችንን ሸጬ ሞጣ ልጄ አጠገብ ልኖር አሰብኩ። ገዢ ተገኘ፤ ባሌም እስር ቤት ሆኖ ተስማማ። ማዘጋጃ ቤት ስንሄድ ግን፣ «እማማ፣ ቤቱ ታግዷል። ባልዎ የተፈረደበትን ሳይከፍሉ ስም አይዞርም» አሉን። ገዢው ወዲያው ሹልክ አለ።

ይሄኔ ያ ጉደኛ ባሌ ከእስር ቤት የነፍስ አባታችንን ላከብኝ።

«ልጄ፣ ለወረቀት ብቻ ተፋቱ። ቤቱ ባንቺ ስም ይሆናል፤ ነጋዴው ምን ያገኛል?» አሉኝ።

«አባ፣ በቁርባን ያጋቡን እርስዎ አይደሉ? በመጠጡ መርሮኝ ልፍታው ስልዎ እስከ ሞት ነው አሉኝ። ለጤፍ ሌባ ሲሆን ይፈታል?»

መስቀላቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

በማግስቱ ሞጣ ወርጄ ነጋዴው ሱቅ ገባሁ።

«ሐጂ፣ የቤቱ ግማሽ የኔ ላብ ነው። ግማሹ የዚያ ቀጣፊ ነው። ከሱ ድርሻ ይውሰዱ፤ የኔን ይልቀቁልኝ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ እርስዎም አብረው የበሉ መስሎኝ ነበር።»

«ብበላማ እንዲህ እከሳ ነበር?»

ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ። ሱቁን ዘግቶ ቢቸና ፍርድ ቤት ድረስ አብሮኝ መጣ። ዳኛውም ቤቱ ይሸጥ፣ ነጋዴው ከባሌ ድርሻ ይከፈለው፣ የኔ አይነካ አሉ። እግዱ ተነሳ፤ ቤቱም ተሸጠ። ለባሌ የተረፈው ለአንድ ጋቢ ቢበቃ ነው።

በድርሻዬ ሞጣ ሁለት ክፍል ቤት ገዛሁ። ባሌ ከእስር ሲወጣ ሽማግሌ ልኮ መጣ፤ ቁርባን ነውና አላባረርኩትም። ነገር ግን ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሳይል አይገባም።

«በገዛ ቤቴ?» ይላል።

«በማን ቤት?» እለዋለሁ።

ያኔ እያጉረመረመ ይጣራል። እኔም ውስጥ ሆኜ አፌን በነጠላዬ ይዤ እየሳቅሁ ጥቂት አቆየዋለሁ። የሚዘንብ ከሆነማ ጨመር አደርግለታለሁ።