ቀረሮን እንደ ቡና ያሰጡ ሰዎች

ዛሬም የጆንያ ሽታ ሲያጋጥመኝ ይቀፈኛል። ነገሩ በደርግ ጊዜ አጋሮ አካባቢ የባዮሎጂ መምህር ሳለሁ የሆነ ነው።

ከከተማው በታች ግዙፍ ግዙፍ የቀረሮ ዛፎች የቆሙበት ጥልቅ ሸለቆ ነበር። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ይዤ እወርዳለሁ። የባሌ ተራራ በረዶ ለብሶ፣ አገሩ በብርድና በድርቅ በተመታበት በዚያ በጥንቱ ዘመን ደኑ ከየሜዳው ጠፍቶ እንዲህ ባሉ እርጥብ ሸለቆዎች ብቻ እንደተረፈ፣ ዝናቡ ሲመለስ ደግሞ ጦጣና ወፍ ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ሽቅብ እንዳወጡት እነግራቸዋለሁ። "ዛሬ ለቡናችሁ ጥላ የሆኑት ዛፎች አያቶቻቸው እዚህ ተጠልለው ነበር" ስላቸው ደስ ይላቸዋል።

ከዚያ መንደር ምሥረታ መጣ። ለአዲሶቹ ቤቶች ጣውላ ያስፈልጋል ተባለና ሸለቆው እንዲመነጠር ተወሰነ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዕድሜውን በቡና መጋዘን ጠባቂነት የጨረሰ፣ ጫቱን እያመነዠከ አረንጓዴ ምራቁን ሰው እግር ሥር የሚተፋ ሰው ነው። ለዘር የሚሆኑ ጥቂት እናት ዛፎች እንኳ ይቅሩ ብዬ በስብሰባ ለመንኩት።

"አቦ አትጨነቅ፣ ጓድ መምህር! ዘሩን አስለቅመናል፤ ክረምት ሲገባ እንተክለዋለን።"

ማስለቀሙንስ አስለቅሟል። ግን እንደ ቡና ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ኮሽ እስኪል አድርቆ፣ በጆንያ ከትቶ መጋዘን ቆልፎበታል። የቀረሮ ዘር ደግሞ ከደረቀ ይሞታል፤ በእርጥቡ መሬት ካልገባ አለቀለት። ይህን ብነግረው ሳቀብኝ።

"እርጥብ ዘር ይሻግታል። ለቡና አገር ሰው ማድረቅ ልታስተምር ነው?"

የማያውቀውን በሚያውቀው የሚደፍን ሰው እንዴት ያስጠላል! ዛፎቹ አንድ ሳይቀር ወደቁ።

ክረምት ገባ። ጆንያዎቹ ሲፈቱ የወጣው ሽታ አፍንጫዬን አስያዘኝ። ለተከላ የታዘዙት ተማሪዎቼ መፈክር እያሰሙ፣ ጭቃ እያቦኩ የሞተ ዘር ቀበሩ። አንድም ቡቃያ ብቅ አላለም።

በበጋው የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

"ዘሩ ደኅና ነበር። የመምህሩ ተማሪዎች ናቸው በቸልታ አጥልቀው የቀበሩት" አለ።

ዘሩ የሞተው ስጥ ላይ ነው ብዬ ብነሣ "ተቀመጥ!" ተባልኩ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ኖሯል፤ ንጉሡ ቢወርድም የማይከሰስ አልጠፋም። አዳራሹ አጨበጨበለት። ዞር ስል ተማሪዎቼ ከኋላ አግዳሚው ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። አምነውት ነበር።