ማይክሮፎኑ ሲነዝረን

ወንድሜ ጊታሩን ያገኘው ፃግብጂ ወረዳ የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ከነበረ ካናዳዊ ነው። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ጊታሩን፣ አንድ ትንሽ የድምፅ ማጉያ ከነማይክሮፎኑና የራሱ ከተማ ልጆች የተጫወቱትን የሮክ ካሴት ተወለት። ካሴቱን ሰቆጣ ቤታችን ስንከፍተው እናታችን ቴፑ የተበላሸ መስሏት መጥታ አጠፋችው።

የወንድሜን ልብ ግን ያ ጩኸት ወሰደው። አናጺ ጓደኛው ከበርሜልና ከፍየል ቆዳ ከበሮ ሠርቶ መምታት ያዘ፤ እኔ ዘፋኝ ሆንሁ። ካሴቱ ላይ የሚሉት ስላልገባን በቋንቋችን በኽምጠኛ የራሳችንን ግጥም አበጀን። ለሰርግ የሚጠራን አልነበረም፤ ወጣቱ ግን እየተሰበሰበ ይሰማን ጀመር።

ፍርሃቴም የጀመረው ያኔ ነው። የምንከራየው ጄኔሬተር ሲነሳ ማይክሮፎኑ ከንፈሬን ይነዝረኝ ነበር። ደረቅ መሬት ላይ ከሆንሁ እንደ መርፌ ጠቅ ያደርገኛል፤ መሬቱ ከረጠበ እስከ ጥርሴ ይዘልቃል። ለወንድሜ ስነግረው እሱንም ጣቶቹን እንደሚነዝረው፣ ጫማችንን ካላወለቅን ግን ምንም እንደማንሆን ነገረኝ። አላመንሁትም። ከዚያ በኋላ ስዘፍን ዓይኔ ከሕዝቡ ይልቅ የእሱ እጆች ላይ ነበር።

አንድ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ለገበያ ቀን ጽጽቃ ተጠራን። ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሯል።

"ቢዘንብስ?" አልሁት።

"ሁለት ዘፈን ብቻ ነው፣ እታለም።"

ሁለተኛውን ስንጀምር ዝናቡ ወረደ። ወንድሜ ማይክሮፎኔን ከኋላችን ወደተወጠረው ሸራ ሥር ሊያስገባልኝ ብሎ አንድ እጁ ጊታሩን እንደያዘ፣ በሌላው የማይክሮፎኑን ማቆሚያ ብረት ጨበጠው። ከዚያ መልቀቅ አቃተው። አልጮኸም። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተገትሯል። ሕዝቡ እስክስታ የሚመታ መስሎት አጨበጨበ። እኔ ምን እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ድምፄም እግሬም ግን አልታዘዝ አሉኝ። ከበሮ መቺው ፊቴን አይቶ ነው ሮጦ የጄኔሬተሩን ገመድ የነቀለው።

ወንድሜ ጭቃው ላይ ወደቀ። አንዲት እናት ጠበል አምጡ ሲሉ ሰማሁ። አጠገቡ ተንበርክኬ እንኳ ልነካው ፈራሁ። ዓይኑን ሲገልጥ፣

"ገመዱ ተነቅሏል?" አለኝ።

"ተነቅሏል።"

"እንግዲያው ያዢኝ።"

መዳፉ ተቃጥሎ ስለነበር ለወራት አልተጫወተም። ሲድን ጊታሩን ትቶ ክራር ያዘ። የቀድሞ አድማጮቻችን ቀሩ፤ በምትካቸው ለሰርግ የሚጠሩን መጡ። ቆይቶ ከበሮ መቺው በአፋር በኩል ዓረብ አገር ለመሻገር ተነሳ። ወሬው ጠፍቶ ከረመና ደኅና ገባ ሲባል ሰማን፤ ከበሮውን ግን የሚመታልን አልነበረም።

ሰቆጣ መብራት በደንብ ሲገባ ኪቦርድ ያላቸው ልጆች ቤታችን መጥተው አብረናቸው እንድንጫወት ሁለታችንንም ጠየቁን። እኔ እንቢ አልሁ። ወንድሜ ክራሩ ላይ ከማጉያ የሚያገናኝ ሽቦ አስገጥሞ ተቀላቀላቸው። እናታችን "እንዴት ደግመህ?" ብትለው፣ "ካልተጫወትሁማ ምኑን ዳንሁት?" አላት።

አሁን ሊጫወት ገጠር ሲወጣ እናታችንና እኔ ቤት እንቀራለን። ደመና ከመጣ እሷ ያልደረቀውን ልብስ ከገመድ ላይ ታነሳለች፤ እኔ በር ላይ ቆሜ በጽጽቃ መንገድ የሚመጣ መኪና እጠብቃለሁ።