ሰው የሌለበት ሰልፍ

ትናንት ከሰዓት የልጅ ልጄ ስልኳን እንደያዘች አጠገቤ ዘፍ አለች። ፎቶ ማንሳት ነፍሷ ነው... ትናንት ግን ፊቷ ተኮሳትሯል።

«አባባ፣ ሰለቸኝ። ፎቶዎቼ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑብኝ።»

«ራስሽን ብቻ እያነሳሽ ምን ይሁኑልሽ?» አልኳት። አኮረፈች። ስታኮርፍ ማየት ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ቆየሁና፣ «በይ ሂጂ፣ ሰው የሌለበት የሰው ፎቶ አንሺ» ብዬ ሰደድኳት።

ምክሩን ከየት እንዳመጣሁት ግን አልነገርኳትም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እዚሁ ጉለሌ፣ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን። አንዲት አሮጌ ካሜራ ነበረችኝና ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቼን ግድግዳ አስደግፌ አነሳ ነበር። ባለቤቴ ፎቶዎቹን እያገላበጠች፣ «ልጆቼ ምን አጥፍተው ነው የተሰለፉት?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ባሕር ዛፍ ባነሳ ያው ባሕር ዛፍ፣ ሰው ባነሳ ያው ካሜራ ሲያይ ድርቅ የሚል ሰው... ልተወው ሁሉ አስቤ ነበር።

አንድ ጠዋት በቀበሌው ሱቅ በኩል ሳልፍ ሰልፉን አየሁት። ስኳር ይመጣል ተብሏል፤ መቼ እንደሚመጣ ግን አልተባለም። ስለዚህ ሰዉ እንደ ልማዱ ተራውን በዕቃ አስይዞ ወደየጉዳዩ ሄዷል። ድንጋይ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ እግሩ የተሰበረ በርጩማ፣ አፉ የተተረተረ ዘንቢል፣ ነጠላ ጫማ፣ የእኔ ቀለሙ የለቀቀ ባልዲ... አንዱ ካንዱ ኋላ ቆመዋል። በርጩማው ቁርጥ ባለቤቱን፤ ዘንቢሉም አፉ እንደ ባለቤቱ አይዘጋ። ተንበርክኬ አነሳኋቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ ልቤ ደስ አለው።

ከመሃል አንድ የከሰል ካውያ ነበር።

የካውያው ባለቤት የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጋሽ መኮንን ናቸው። ከወራት በፊት ከቤታቸው ተወስደዋል። የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። የራሽን ካርዱ በስማቸው ስለነበር እሱም ተነጠቀና ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ከአራት ልጆች ጋር ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ካውያው ግን ከሰልፉ አልወጣም። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላ ያለው ሰው በእግሩ ገፋ ያደርገዋል። ተራ ሊያስይዝ የሚመጣው ሁሉ ደግሞ ጫማውን የሚያስር መስሎ ጎንበስ ይልና፣ የካውያውን ክዳን ከፈት አድርጎ በወረቀት የጠቀለላትን ስኳር ወይ ሻይ ቅጠል ጣል ያደርግበታል። አመሻሹ ላይ እትዬ አልማዝ መጥተው ካውያቸውን ይዘው ይገባሉ። ስለዚህ ነገር አንድም ሰው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም... እኔና ባለቤቴ እንኳ እቤታችን ውስጥ አውርተነው አናውቅም።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ግን ኩራት ያዘኝ። ለሰፈሩ ሁሉ ሳሳይ ዋልኩ። በማግስቱ ፎቶውን፣ ፊልሙንና ካሜራዬን ይዤ እንድቀርብ ቀበሌ ተጠራሁ።

ሊቀመንበሩ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

«ሰልፍ ለምን አነሳህ? ስኳር ጠፋ ለማለት ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰው እንኳ የለበትም።»

«ሰው እንደሌለበትማ አያለሁ። ዕቃው የማን የማን እንደሆነ ነው የምትነግረኝ።» ጣቱን አሳረፈ። «ይሄ ባልዲ?»

«የእኔ ነው።»

«ይሄ ካውያስ?»

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የካውያው ክዳን ጣት በምታህል ገርበብ ብሏል፤ በክፍተቱ የነጭ ወረቀት ጫፍ ብቅ ብሏል። ሳነሳው አላየሁትም። እኔ ስለ ፎቶዬ ውበት ስጨነቅ ካሜራዋ የሰፈሩን ምስጢር ይዛ መጥታለች። የጋሽ መኮንንን ስም ብጠራ እትዬ አልማዝ ይጠራሉ፤ ከእሳቸው በኋላ ወረቀት የጠቀለለው ሁሉ።

«እሱም የእኔ ነው» አልኩ።

«ብቻህን ሁለት ተራ?»

«ስግብግብ ነኝ፣ ጓድ።»

«በካውያው ምን ትተኩስበታለህ?»

«ሱሪዬን።»

ከወንበሩ ከፍ ብሎ ሱሪዬን አየ። ሱሪዬ ከተሰፋ ጀምሮ ካውያ አይቶ አያውቅም። የሰፉልኝ ጋሽ መኮንን ናቸው። እሱም የለበሰውን ካኪ የሰፉለት እሳቸው ናቸው፤ የተለካነው አንድ ቀን ስለነበር አውቃለሁ። ካውያው የማን እንደሆነ እሱም ማወቁን አውቃለሁ።

ተመልሶ ተቀመጠ።

ፎቶውንና ፊልሙን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቆለፈ። ካሜራዬን ገፋ አደረገልኝ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ።

«ካውያህን...» አለ፣ ቀና ሳይል፤ «ክዳኑን ደህና አድርገህ ዝጋው።»

ማስፈራራት ይሁን ምሕረት፣ ይኸው አርጅቼም አልለየሁትም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ክዳኑን በሽቦ እናስረው ጀመር። እትዬ አልማዝ በስማቸው ካርድ እስኪወጣላቸው ድረስ ካውያው ተራውን ሳይለቅ ተሰለፈ። ጋሽ መኮንን አልተመለሱም። እኔም ልጆቼን ግድግዳ አስደግፌ ወደ ማንሳቱ ተመለስኩ... ባለቤቴ ከዚያ ወዲያ አላሾፈችብኝም።

እና ትናንት አመሻሹ ላይ የልጅ ልጄ ተመልሳ ስልኳን ደቀነችብኝ። በራችን ላይ የወለቁ ጫማዎችን አንስታለች። የአባቷ፣ የእናቷ፣ የእንግዳችን፣ የእሷ... ሰልፍ የያዙ ይመስላሉ። የእውነት ያምራል።

«አባባ፣ እስቲ የማን የማን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

አንድ በአንድ አየኋቸው። ታኮ ያላትን ቀይዋን ጫማ ሳይቀር።

«ሁሉም የእኔ ናቸው» አልኳት።