ከዋጃ ማዶ ያለው ዋርካ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በ1966 ዓ.ም. ነው፤ ያ ክፉ ድርቅ የራያን ቆላ ባራቆተበት ዓመት። ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ዛሬ ሃምሳን አልፌያለሁ። በመሀል የረሳሁት ብዙ ነው፤ የሠርጌን ቀን እንኳ የምታስታውሰኝ ባለቤቴ ናት። ይችን አንዲት ቀን ግን ልርሳሽ ብላት እምቢ አለችኝ።

ቆቦ ውስጥ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ብስክሌት የምጠግንባትና የማከራይባት ሱቅ ነበረችኝ። ሱቅ ስላችሁ ሱቅ እንዳይመስላችሁ፤ አራት ቋሚ እንጨት፣ ሁለት ቆርቆሮና አንድ እኔ ነበርን። ከስድስቱ የኪራይ ብስክሌቶቼ ሦስቱ ፍሬን የላቸውም። ደንበኛ ግን ጠፍቶብኝ አያውቅም። የእጄ ሙያ እንዳይመስላችሁ፤ አፌ ነው። ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሰው ከእኔ ዘንድ ሳይስቅ አይሄድም። "የዋጃ ሰው ከዚህ ልጅ ጋር ሊጫወት ሲል ደህና ጎማውን በምስማር ወግቶ ይመጣል" ይባል ነበር። የሚለው እኔው ነኝ እንጂ ሌላ ሰው ሲል አልሰማሁም።

ለቀልዴ ደግሞ ደንብ አበጅቼለት ነበር። ውሸት ልናገር ስል በመፍቻዬ የጎማውን ብረት፣ ቸርኬውን፣ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደርጋለሁ። የቆቦ ሰው ትልቅ ትንሹ ይህን ያውቃል። ከቀጭ ቀጭ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ጨዋታ ነውና ማንም አይቀየመኝም። አንድ ጊዜ አንዱን የታወቀ ቁጡ ሰው "በቅሎህ ወለደች" ብየው ብረቱን ስለሰማ ብቻ ስቆ ሄዷል።

በዚያ ዓመት ከደጋውም ከቆላውም የፈለሰው ሰው በሱቄ ደጅ ነበር የሚያልፈው። "እህል የሚሰጡበት የት ነው?" የማይለኝ አልነበረም። የከተማው ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ያለውን አዋጥቶ ከመስጊዱ ጀርባ በበርሜል ንፍሮ ይቀቅል ነበር። ከሱቄ ተነስቶ አንድ ሲጋራ ሳያልቅ ይደረሳል። ለጠየቀኝ ሁሉ በጣቴ አሳይ ነበር። በዚህ ነገር ቀልጄ አላውቅም፤ እስከዚያች ቀን።

ረፋዱ ላይ አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ብስክሌት እየገፋ መጣ። ከወልድያ ወዲያ ጨርቅ እያዞረ ይሸጥ እንደነበር ነገረኝ። ጨርቁም ገዢውም አልቀው ብስክሌቷ ብቻ ቀርታለታለች። ከኋላ መጫኛው ላይ አሮጊት እናቱን አስቀምጦ፣ እንዳይወድቁ በገዛ መቀነታቸው ከኮርቻው ጋር አስሯቸዋል። የኋላው ጎማ ተንፍሶ በብረቱ ነው የሚሄደው።

"ወንድሜ፣ አሰላሙ አለይኩም። ይችን ጎማ እንደምንም ብትይዝልኝ" አለኝ።

"ወአለይኩም አሰላም። እንዴ እማማ!" አልኩ ወደ አሮጊቷ ዞሬ። "ይች ብስክሌት እኮ ለአንድ ሰው ነው የተሠራች። ሁለት ሆናችሁ ስትመጡ አትከሰሱም?"

"እኔ ምኑን ሰው ሆንኩ ልጄ፤ አጥንት ነኝ" አሉኝ ቀስ ብለው። "አጥንት በጫነ ማንም አይከሰስም።"

በዕድሜዬ በአፍ የረቱኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ከጎኔ ልብስ የሚሰፋው አያ ይማም የስፌት መኪናውን አቁሞ ሳቀ። ጎማ ለማስነፋት ተራ የያዙት ሁለት ሰዎችም ሳቁ።

ጎማውን ፈታሁት። የውስጥ ጎማው፣ ካላማዳሪያው፣ ከልጥፉ በቀር ጎማ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ልጥፉን ብናነሣው የሚቀረው ቀዳዳ ብቻ ነው። በልጥፉ ላይ ሌላ ልጥፍ ደረብኩለት። ዋጋ አልጠየቅሁትም። መንገድ ላይ እንደገና መተንፈሱ እንደማይቀር ስላወቅሁም የእጅ መንፊያዬን ሰጠሁት። "ስትመለስ ታደርስልኛለህ" አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህን የምነግራችሁ ደግነቴን እንድታውቁልኝ አይደለም። ያኔ ዝም ብል ኖሮ ደግ ሰው ሆኜ እቀር ነበር ለማለት ነው።

ጎማውን መልሼ ሳስር ሰውየው ጠየቀኝ። "እህል የሚሰጡት ወዴት ነው? እናቴ ትናንት ከሰጡን አንድ እፍኝ ቆሎ በቀር ምንም አልቀመሰች።"

በጣቴ ማሳየት ነበረብኝ። ግን አያ ይማም መኪናውን እንዳቆመ ነው፤ ሁለቱ ሰዎችም አፍ አፌን ያያሉ። አሮጊቷ የረቱኝም አልበረደልኝም። መፍቻዬን አንሥቼ ቸርኬውን ቀጭ ቀጭ አደረግሁ።

"ዋጃን አልፋችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ ትልቅ ዋርካ አለ" አልኩ። "ከሥሩ በሰባት በርሜል ገንፎ ያገነፋሉ። ቅቤው ሞልቶ እየፈሰሰ የሰፈሩ ከብት እያንሸራተተው መቆም አቅቶታል። በብስክሌት የመጣማ ሰልፍም አይዝ። እማማን ገና ከሩቅ ሲያዩ ማንኪያ ይዘው ነው የሚሮጡ!"

ሁሉም ሳቁ። ሰውየውም ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ። የገባው መሰለኝ። እማማ ግን አልሳቁም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዕድሜ ስጠው እያሉ ዱዓ ያደርጉልኝ ጀመር። እሱንም ለጥገናው ነው ብዬ አለፍኩት።

"ቀልዴን ነው፣ ንፍሮው እዚሁ ነው" ልል አፌን ስከፍት የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ካቴናው የተበጠሰ ብስክሌት እየጎተተ ደረሰ። ትልቅ ደንበኛዬ ነው፤ ችኩልም ነው። ጎንበስ ብዬ ካቴናውን ማየት ጀመርኩ። ቀና ስል እናትና ልጅ የሉም።

"አንተ፣ ሰውየው በዋጃ መንገድ ሄደ እኮ! የግማሽ ቀን መንገድ ነው!" አለኝ አያ ይማም።

"ቀጭ ቀጭ ስል አልሰማም እንዴ?"

"መስማቱንማ ሰማ። የአገሩ ሰው አይደለ፣ ብረት ስትመታ ምን ብሎ ይወቀው? ምነው አንተ! ተነሥ ድረስባቸው!"

አያ ይማም አንድ እግሩ አይታዘዘውም። ቢታዘዘው ኖሮ እሱ ይሮጥ ነበር። እኔ ሁለት እግርና ስድስት ብስክሌት ነበረኝ። ሰውየው እየገፋ ነውና በሩብ ሰዓት እደርስበት ነበር። ግን ጸሐፊው ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። ደግሞም ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ አሮጊቷን "ገንፎ የለም" ብዬ ማየት አሳፈረኝ። "ይመለሳሉ፤ ከከተማው ሳይወጡ አንዱ ይነግራቸዋል" አልኩ።

ከቀትር በኋላ አንዷን ብስክሌት ይዤ እስከ ከተማው ጫፍ ወጣሁ። መንገዱ ባዶ ነው፤ ትኩስ ንፋስ ከፊት ለፊት ይገፋል። ትንሽ ቆሜ አየሁና ተመለስኩ።

በአራተኛው ቀን ሰውየው መጣ። ብስክሌቷን ይገፋል። መጫኛው ላይ ማንም የለም፤ መቀነቱ ብቻ ከኮርቻው እንደታሰረ ነው።

"አደራህን ላድርስ ብዬ ነው" ብሎ መንፊያዬን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

"እማማስ?" አልኩት።

"ዋጃን አልፈን ብዙ ሄድን" አለ። "ዋርካ ሁለት አገኘሁ፤ ከሥራቸው ማንም የለ። የዋጃን ሰዎች ስጠይቅ 'እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም' ብለውኝ ነበር፤ ሰው እንዳይበዛባቸው ደብቀውኝ ነው ብዬ ጠረጠርኳቸው። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ መጥተው የከፈኑልኝም የቀበሩልኝም እነሱ ናቸው። እናቴ እስከ መጨረሻው 'ዋርካው ታየህ?' ትለኝ ነበር።"

አያ ይማም መኪናውን አቆመ። በዚህ ጊዜ ግን ሊስቅ አልነበረም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለኝ ሰውየው። "እኔ በስተቀኝ በስተቀኝ እያየሁ ነው የሄድኩት። በግራ ነበር እንዴ?"

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። "ወንድሜ፣ ቀልዴን ነበር" ማለት። ምናልባት ይገድለኝ ነበር፤ ቢገድለኝም ይገባኛል። አፌ፣ ያ ለሰው ሁሉ የሚተርፈው አፌ፣ ሁለት ቃል ብቻ አወጣ።

"አዎ፣ በግራ።"

ግንባሩን በመዳፉ መታው። "ያ ረቢ! እኔ ደግሞ በቀኝ! ከአጠገቡ አድርሻት ገደልኳት!" አለ። ቆይቶ ጨብጦኝ "አንተ ምን ታደርግ፤ ጠግነህ፣ መንገድ አሳይተህ። ዕድሜ ይስጥህ" አለኝ።

ንፍሮው ያለበትን እንኳ አላሳየሁትም። ባሳየው "ይህ ያን ቀንም ነበር?" ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ። አሁን የሚጭነው ስለሌለ ብስክሌቷ ላይ ወጣና ወደ መጣበት ወደ ጎብዬ እየነዳ ሄደ። ስሙን አልጠየቅሁትም።

አያ ይማም ለማንም አልተናገረብኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እኔ ስቀልድ መኪናውን አቁሞ አያውቅም፤ እስኪሞት ድረስ።

በኋላ የጎብዬንም የወልድያንም ገበያ እየዞርኩ በብስክሌት ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ብዬ ጠይቄያለሁ። ስሙን የማላውቀውን ሰው ማን ያሳየኛል? ዕድሜ ስጠው ያሉልኝ ዱዓ ደርሶ ይኸው ዕድሜ ተሰጠኝ። ቀልዱንም አልተውኩም፤ ጠባይ ከሰው አይለቅም። ቸርኬ ግን አልመታም። መንገድ የጠየቀኝን ሰው ደግሞ በጣቴ አላሳይም፤ የያዝኩትን ጥዬ እስከ ደጁ አደርሰዋለሁ። ልጆቼ አረጀ ይሉኛል።

ይህን የምጽፈው ምናልባት እሱ፣ እሱም ባይኖር ልጆቹ ያነቡት እንደሆነ ብዬ ነው። ወንድሜ፣ አንተ መንገድ አልሳትክም። ዋርካው በቀኝም በግራም አልነበረም።