ድምፅ የጠፋባት አስተርጓሚ

ታናሽ እህቴ አስተርጓሚ ናት። ቤቷ ቁጭ ብላ፣ በኮምፒውተሯ በኩል፣ በቋንቋ የማይግባቡ ሐኪሞችንና ታማሚዎችን በቪዲዮ ታግባባለች። እህቴ ስለሆነች አይደለም፤ ጎበዝ ናት።

ሰሞኑን ግን ፊቷ አመድ መስሏል። ጥሪ መሀል ድምጿ ጥፍት እያለ አስቸገረን ብለው ሐኪሞች ከሰሷት። አለቃዋም፣ "አንዴ ከተደገመ እንለያያለን። መስመርሽንና ኮምፒውተርሽን አስመርምሪና ውጤቱን ላኪልን" አሏት። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው በዚሁ ሥራ ነው።

"እትዬ ድረሺልኝ፣ ማበዴ ነው!" ብላ ደወለችልኝ። ኔትወርክ ሠራተኛ ስለሆንኩ የዘመድ ሁሉ ስልክና ማተሚያ ሐኪም እኔው ነኝ፤ መቼም ምን ይደረጋል፣ ቤቷ ሄድኩ።

ጥሪው የሚገባበት የኢንተርኔት መክፈቻ፣ ብራውዘሩ፣ የጥሪውን ሁኔታ የሚመዘግብበት ገጽ አለው። በኢንተርኔቱ መንገድ ላይ ድምፅ ጠፍቶ እንደሆነ፣ ማይክሮፎኑ ምን እንደሰማ፣ ሁሉን ያስቀምጣል፤ ድምፁንም ይቀዳል። ታዲያ የሚከፈተው ጥሪው ሳይጀመር ነው። ይህን ደጋግሜ ነግሬያት፣ ሐኪሙ ማውራት ከጀመረ በኋላ ከፈተችው። ፋይሉ ባዶ ሆነ። "አንቺ ልጅ ጆሮ የለሽም?" ብዬ ጮህኩባት።

ለሚቀጥለው ጥሪ ራሴ ከፈትኩላት። አሠሪ ድርጅቷ መቅዳቱን ፈቅዷል፤ ለሐኪሙም ለታማሚው ልጅ እናትም ተነግሯል። በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ብዙም ሳይቆይ እያለቀሰች መጣች።

"ይኸው ተቋረጠ! አለቀልኝ፣ እትዬ!"

ፋይሉን ከፈትኩት። መንገድ ላይ የጠፋ ድምፅ የለም። ማይክሮፎኑም ደህና ነው። ጥፋቱ ከመሣሪያው ካልሆነ ከማን ነው? ያን ጊዜ እኔም ፈራሁ።

ቅጂውን አብረን ሰማን። ሐኪሙ በራሱ ቋንቋ፣ "ልጅሽን ማዳን አንችልም፤ በጣም አዝናለሁ" አለ። ከዚያ ጭጭ። ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል፤ የእህቴ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሴትዮዋ በእኛ ቋንቋ፣ "ምን አለ? እባክሽ ምን አለ?" ትላለች። በመጨረሻ እህቴ፣ "ሃሎ? መስመሩ ተቋርጧል" ብላ ዘጋችው።

እህቴ ክው አለች። "እኔ ነኝ? በእናታችን፣ እትዬ፣ መስመሩ መስሎኝ ነው!"

አመንኳት፤ ያመንኳት ጊዜ ፍርሃቴ ባሰ፤ ሳይታወቃት ዝም የምትል ከሆነ ነገም ይደገማል። "ፋይሉን አጥፊው" አልኳት። "መስመሩ ነው በያቸው። ልጆችሽ ምን ይብሉ?"

"ሴትዮዋስ?"

"የቷ ሴትዮ?"

"ማንም አልነገራትም እኮ። ይድናል ብላ ቁጭ ብላለች።"

ስልኩን ልቀማት እጄን ሰደድኩ፤ ገፋችኝ። አለቃዋ ጋ ደወለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ይሰማል።

"ያቺን እናት መልሰው ያገናኙኝ። መስመሩ አልተቋረጠም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"