እኩል አልመደብ ያለኝ ሽምብራ

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ጓሮዬን እቆፍራለሁ፤ የሰፈሩን የቅርጫ ሥጋም እኩል እኩል የምመድበው እኔ ነኝ።

ዛሬ ሞጣ ሒሳብ የምታስተምረው ልጄ ብቻዬን ወደምኖርበት ቢቸና መጥታ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ሽምብራ ሰፌድ ላይ ቆጠረች። «አባዬ፣ ይህን እኩል ከመደቡት እዚሁ ይኑሩ። ካልቻሉ ከእኔ ጋር ይሄዳሉ።»

ሳቅሁባት። ለሁለት መደብሁት፣ አንድ ተረፈ። ለሦስት፣ አንድ። ለአራትም አንድ!

«ይህ ቁጥር ለአንድና ለራሱ ብቻ ነው የሚካፈል» አለች። እያወቀች ነው የተወራረደችኝ!

ከቅርጫ የተረፈውን ሁልጊዜ የማቀብለው ለሟች ባለቤቴ ነበር። ሳላስበው የተረፈችውን ፍሬ ይዤ ወደ መቀመጫዋ ዞርሁና «እንኪ» አልሁ።

ልጄ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ነገ ሞጣ እገባለሁ። ቤቱን መዝጋቱ ግን ከብዶኛል።

የትዳር ጓደኛ የሞተባችሁ፣ እናንተስ እንዲህ እጃችሁን ዘርግታችሁ ታውቃላችሁ?