ለእህቴ የተለካው ሞላ

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ «ቀስ በሌ» ይለዋል። ስሙን ያገኘው ከገዛ አፉ ነው። ብሎን ለሚያጠብቅ ሰው «ቀስ በል»፣ በር ለሚዘጋ «ቀስ በል»፣ ትኩስ ሻይ ለሚጠጣ እንኳ «ቀስ በል» ነው። እኔ አናጢ ነኝ። የኔን ሱቅና የሱን ጋራዥ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ስሰማው እውላለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እሱ ጋራዥ ውስጥ ግን እንቁላሉ እዚያው ተቀምጦ የሚያረጅ ይመስለኝ ነበር።

ጋራዡ ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ የምትቆም አሮጌ ባለ ሦስት ጎማ መኪና ነበረችው። ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፤ ሁለት ሰው ብቻ ጎን ለጎን የምታስቀምጥ፣ ጣሪያ የሌላት፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ። ከአባቱ የወረሳት ናት። እህቴን ያገባ ዕለት ከታላቅ እህታችን ቤት ይዟት የሄደው በዚችው መኪና ነው። የፊት ሞላዎቿ አጫጭርና ደረቅ ስለነበሩ ጎማው የረገጠው ጠጠር ሁሉ መንጋጋ ድረስ ይሰማል። «ባሌ ቤት ስደርስ መጀመሪያ የቆጠርኩት ጥርሴን ነው» እያለች እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትስቅበት ኖረች። እሱም ዕድሜውን ሙሉ «እሠራታለሁ» ሲል ኖረ። የሰው መኪና ሲጠግን የራሱን የሚያይበት ጊዜ አጥቶ ነው።

ከዚያ እህቴ ታመመች። በሽታው አጥንቷ ውስጥ ገባና መቀመጥም መተኛትም ሥራ ሆነባት። ሐኪሙ እኔንና ቀስ በሌን ለብቻችን ጠርቶ፣ «የቀራት ጊዜ ብዙ አይደለም። የምትፈልገውን አድርጉላት፤ መንገጫገጭ ብቻ አይሆንላትም» አለን። ቀስ በሌ ያን ቀን ማንንም ቀስ በል አላለም። ከሐኪም ቤት እስከ ሰፈር በእግሩ ሲሄድ ከኋላው ሮጬ ነው የደረስኩበት።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ታላቅ እህታችንን ማየት። እናታችን ስትሞት እኔንም እሷንም እንደ እናት ሆና ያሳደገችን እሷ ናት። አሁን ጉልበቷ ከድቷት ከቤቷ አትወጣም፤ ቤቷ ደግሞ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከጀመረ በኋላ ብዙ ተሂዶ ነው።

«ደህና ወንበር ያለው መኪና ልፈልግልሽ» አልኳት።

«ተው ወንድምዬ፣ በሱ መኪና ነው የምሄደው። ከዚያ ቤት ያወጣኝ እሱ ነው፤ እሱው ይመልሰኝ።»

«በዚያ የድንጋይ መፍጫ? አጥንትሽን ልትለቅሚ ነው?»

«እሱ ያለሰልሰዋል» አለችኝ። እኔ ቱግ ብዬ ወጣሁ። የቤተሰባችን ግትርነት ሁሉ ተጠራቅሞ እሷ ላይ ነው ያረፈው።

ቀስ በሌ በማግስቱ ሸራውን ገፎ መኪናዋን በክሪክ አነሳት። አሮጌዎቹን የፊት ሞላዎች ነቅሎ ጣለ። በምትካቸው ረዘም ያሉ ሞላዎች፣ በውስጣቸው ደግሞ ንዝረቱን የሚውጥ ዘይት ያለበት ሾክ ሊገጥም ነው። የጎማ መያዣውን ክንድ ቶርኖ ቤት ወስዶ እንደ አዲስ አስቀረጸው፤ ብየዳውን ግን ለማንም አልሰጠም፣ ራሱ በየደ። ሞላውንም ከየትም አንስቶ አይገጥምም። የግራው ለሱ፣ የቀኙ ለእሷ የሚለካ ነው። የሚለካውም በጣት ነው፤ ሰውየው ሲቀመጥ መኪናዋ በዚያ በኩል ሦስት ጣት መውረድ አለባት። ከዚያ ካነሰ ሞላው ለዚያ ሰው ደረቅ ነው፣ ያንገጫግጨዋል፤ ከበለጠ ደግሞ ጉድጓድ ላይ ብረት ከብረት ይጋጫል። ይህን ሕግ ከአባቱ ነው የተማረው፤ ለማንም ሲል አይጥሰውም።

እህቴ መጀመሪያ ስትቀመጥ መኪናዋ ልክ ሦስት ጣት ወረደች። ቀስ በሌ ጠመኔ አምጥቶ ምልክት አደረገ። የግራውን ጨርሶ፣ ሾኩን አስተካክሎ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሲያስቀምጣት ሁለት ጣት ብቻ ወረደች። ጎንበስ ብሎ ሦስቱን ጣቱን ከጠመኔው ሥር ደጋግሞ ከተተ። አንዱ ጣት ትርፍ ነበር። ሐኪሙ በሚዛን ሳያያት በፊት፣ እኛም በልብሷ ስፋት ሳናየው፣ እየቀለለች መሆኗን መጀመሪያ ያወቀው በጣቱ ነው።

«ምነው?» አለችው ከላይ ሆና።

«ምንም። ሞላው ከርሯል። አዲስ ብረት እንዲህ ነው።»

ቀጠን ያለ ሞላ ገጠመ። ከጥቂት ቀን በኋላ እሱም ደረቀባት። ሌላ ቀየረ። ሞላ በቀየረ ቁጥር ጉዞው ይዘገያል፤ በዘገየ ቁጥር እሷ ትቀንሳለች፤ በቀነሰች ቁጥር ሞላው ይደርቃል። «ሦስት ጣት ሳይወርድ ጎማ አላንቀሳቅስም፤ እኔ ራሴ አላሳምማትም» ይላል። እሷ ከወንበሩ ላይ ሆና ምልክቱን አታይም፤ የምታየው የሱን ፊት ነው። ፊቱን ደግሞ አይቼዋለሁ። ያንን ፊት ማየት የማንንም አንጀት ይበላል።

በዚሁ መሃል ከኔ ጋር ተጣላን። የድሮ የጭነት መኪና ትልልቅ የብሎን ዳዶዎች፣ ዛሬ ገበያ ላይ የማይገኙ፣ መደርደሪያው ላይ በሣጥን ነበሩት።

«ዳዶዎቼ እየጎደሉ ነው» አለኝ በቆርቆሮው ቀዳዳ።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ ጋሼ?»

«እዚህ የምትገባው አንተ ብቻ ነሃ!»

«አናጢ ዳዶ ምን ይሠራለታል? ቀቅዬ ልበላው?» ሚስማሬን ወርውሬ በሬን ዘጋሁ። «ቀስ በል!» አለኝ በዚያ በኩል።

እህቴ በዚያ ሰሞን ከአሮጌ መጋረጃና ከስፖንጅ አንድ መቀመጫ ትራስ ሰፋች። ልትለካ ስትመጣ ደረቷ ላይ አቅፋ ታመጣዋለች። ላግዝሽ ብላት «የራሴን ትራስ እንኳ ልያዝበት» ብላ ተቆጣችኝ። ከቤቱ እስከ መኪናዋ ሦስት ጊዜ ቆማ ነው የምትደርሰው። ሕመሙ ነው ብለን አለፍነው። ትራሱን አስቀምጣ ስትቀመጥ መኪናዋ ሦስት ጣት ወረደች። በሚቀጥለው ጊዜ ጭራሽ አራት!

ቀስ በሌ እየሮጠ እኔ ጋ መጣ፤ ሲሮጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አራት ጣቱን ዓይኔ ላይ ደቀነ። «ሥጋ ይዛለች! እየዳነች ነው! ሐኪም ምን ያውቃል?» እኔ የእህቴን አንገት አይቻለሁ፤ ሥጋ የያዘ ሰው አንገት አይደለም። ግን በዚያ ፊት ላይ ውሃ የሚቸልስ አንጀት ከየት ይመጣል? «ተመስገን» አልኩት። ወፈር ያለውን ሞላ መልሶ ገጠመ፣ አስቀመጣት፣ ለካ። ልክ ሦስት ጣት። «በቃ፣ እንሄዳለን» አለ።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ ስለምትይዝ እኔ በአውቶቡስ ቀድሜ ታላቅ እህታችን ቤት ደረስኩ። በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ከኮረኮንቹ ማዶ ብቅ አሉ። እውነቱን ለመናገር አፌን ይዤ ነው ያየሁት። ጎማዎቹ ድንጋዩ ላይ ወጣ ወረድ ይላሉ፤ የመኪናዋ አካል ግን ፀጥ ብሎ ይመጣል፣ የሞላ ኩባያ ውሃ ብታስቀምጥ የሚፈስ አይመስልም። ቀስ በሌ ገና ሳይወርድ፣ «አንድም ጊዜ አላንገጫገጭኳትም! ጠይቋት!» አለ።

«አልጋዬ ላይ እንደተኛሁ ነው የመጣሁት» አለች እህቴ። ፊቷ ላብ በላብ ነበር፤ የታችኛው ከንፈሯ ላይ የጥርስ ምልክት አየሁ። ታላቅ እህታችን ከወንበሯ ተነስታ ሁለቱ እህትማማቾች ተቃቅፈው ሲላቀሱ ከንፈሩን ረሳሁት።

ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህታችን ገላዋን ልታጥባት ወደ ጓዳ አስገባቻት። ትንሽ ቆይታ በዱላዋ እየተደገፈች ብቻዋን ወጣች። ቀስ በሌ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«አንተ፣ ምን ላይ ነው ያስቀመጥካት?»

«ስፖንጅ ላይ ነዋ። ምነው?»

«ታፋዋ በልዟል። እንደ ማኅተም ነው የታተመባት፤ መሃሉ ክብ፣ ዳሩ ማዕዘን፣ ስድስት ማዕዘን ያለው።»

ስድስት ማዕዘን ያለው ነገር ምን እንደሆነ ለቀስ በሌ የሚነግረው አያስፈልገውም። ኩባያውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ መኪናዋ ሄደ። ትራሱን በአንድ እጁ ሊያነሳው ሲል ከበደው። በሁለት እጁ ሳበው። ስፌቱን በቢላ ሲተረትረው የጠፉት ዳዶዎች ጭኑ ላይ ዝርግፍ አሉ። ስፖንጁን መሃሉን ቦርቡራ አውጥታ እነሱን ነው የጠቀጠቀችበት። ያን ሁሉ መንገድ እሱ ጉድጓድ ጉድጓዱን እየሸሸ፣ «አላንገጫገጭኩሽም አይደል?» እያለ ሲያመጣት፣ እህቴ በዚያ አጥንቷ ብረት ላይ ተቀምጣ ነው የመጣችው።

ዳዶዎቹን በሸሚዙ ቋጥሮ ጓዳ ገባ። እኔም ተከተልኩት።

«ለምን?» አላት።

«ሁለት ጣት ሲሆን ፊትህን አላየኸውም» አለችው። «እኔ ነኝ ሳየው የከረምኩት። ከሕመሙ እሱ ባሰብኝ፣ አንተ ሰውዬ። ሦስት ሲሞላልህ ደግሞ እንደ ሠርጋችን ቀን ነበር የምትስቀው።»

«አሞሻል! መንገዱን ሁሉ አሞሻል!»

«አሞኛል» አለች። «ግን ከጎንህ ነበርኩ። ደስ ብሎህ ስታፏጭም ሰማሁህ።»

ተንበርክኮ ራሱን እግሯ ላይ ደፋ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲንሰቀሰቅ አይቼ አላውቅም። ታላቅ እህታችንም፣ እኔም፣ የቀረ የለም፤ አለቀስን። እህቴ ብቻ አላለቀሰችም። ፀጉሩን እየዳሰሰች፣ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» ትለው ነበር።

መመለሻው ቀን ሲደርስ ቸገረን። ቀጫጭኖቹ ሞላዎች ጋራዥ ቀርተዋል፤ የተገጠመው ደግሞ ለሌለ ሥጋ የተለካ ነው። እንዲሁ ብትቀመጥበት ይፈጃታል። ቀስ በሌ ብዙ ቆሞ አሰበ። ከዚያ ዳዶዎቹን በከረጢት አድርጎ በሷ በኩል ወንበሩ ሥር አሰራቸው። ትራሱን በታላቅ እህታችን አሮጌ ብርድ ልብስ ሞላው። ይዟት ወጥቶ አስቀመጣት፤ እንዳቀፋት ምን ያህል እንደምትመዝን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ጎንበስ ብሎ ለካ። ሦስት ጣት። የከዳት ሥጋ ብረት ሆኖ እግሯ ሥር አብሯት ተጫነ። መንገዱን ሁሉ ትከሻው ላይ ተኝታ ገባች።

ከዚያ ብዙም አልቆየች። የዝናቡ ወር ሳይወጣ ቀበርናት።

ቀስ በሌ አሁንም ጋራዡን ይከፍታል። መኪናዋን አልፎ አልፎ ብቻውን ያወጣታል፤ በሱ በኩል ዘመም ብላ ትሄዳለች። ሰው ሲያያት «የቀኙን ሞላ አስተካክለው እንጂ» ይለዋል። እሱ ግን ሞላውን አይነካውም። ከረጢቱም ከወንበሩ ሥር አልተነሳም።

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ ጭነት መኪና ሹፌር መጣ። ያንን ትልቁን ዳዶ ያልፈለገበት የለም፤ አንድ ብቻ ቸግሮት መኪናው ቆሞበታል። ቀስ በሌ ወደ መኪናዋ ሄደና ወንበሩ ሥር እጁን ሰደደ። ብረቱ ሲንኳኳ ሰማሁት። ባዶ እጁን ተመለሰ።

«የለኝም፣ ጨርሻለሁ» አለው።

ሹፌሩ አመስግኖ ሲወጣ አላስችል አለኝና በቆርቆሮው ቀዳዳ፣ «ጋሼ፣ አለህ እኮ! አንድ ብትሰጠው ምን ይጎዳሃል?» አልኩት።

«አልችልም» አለኝ። «አንዱን ባወጣ ትቀንስብኛለች።»